ኬክ ያስጠየቀችው ባጅ

እጀታው ወደ ታች ሲጫን «ቀጭ» ይል የነበረው የባጅ መሥሪያ ድምፅ፣ ሃያ ዓመት አልፎትም ከአርዜላ ጆሮ አልወጣም። ያን ጊዜ፣ በነሐሴ፣ ጥቁሮች እኩልነታቸውን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን በሚተሙበት ዋዜማ፣ በሜከን ከተማ ከቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ተቀምጣ ለተጓዦቹ የደረት ባጅ ስትሠራ ዋለች። መሥሪያው አንድ፣ ጉዳዩ ብዙ ነበርና፣ «ነፃነት አሁን» የሚሉት ክብ ወረቀቶችና የሴቶች ማኅበሩ የኬክ ሽያጭ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተከምረዋል። ከኬኩ ወረቀቶች አንዷ ሾልካ ከነፃነቶቹ ጋር ባጅ ሆነች። የደረሰችውም ለባልንጀራዋ ለቬርኔል ነበር። ቬርኔል ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ ደረቷ ላይ ሰክታ ተሳፈረች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከልም «የኮክ ኬክ አለን፤ ይጠይቁን» የሚል ባጅ አድርጋ ተሰለፈች።

አርዜላ የሰው ልብስ እየተኮሰች ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። ከእጇ የወጣ ሸሚዝ እንከን አይገኝበትም። ያቺ ባጅ ግን የእግር እሳት ሆነችባት።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ የሰልፉን ማስታወሻዎች በመስታወት ሣጥን ደርድሮ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ቬርኔልም ባጇን ሰጥታለች። አርዜላ ሰው ሳይመጣ ቀድማ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች፤ ባጇን ከሣጥኑ አውጥታ ኪሷ ከተተች። ወዲያው ቬርኔል የተሸፈነ ሳህን ይዛ ከተፍ አለች።

«አርዜላ፣ የእኔዋ የታለች?»

«ምንሽ?»

«አታድርቂኝ። እጅሽ ከኪስሽ አልወጣም እኮ።»

«እባክሽ እቴ፣ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ሌላው ለነፃነት ሲሰለፍ የኛ አያት የኬክ ማስታወቂያ ትሠራ ነበር ይሉኛል።»

ቬርኔል ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ያን ቀን ፈርቼ ብቻዬን ጥግ ይዤ ነበር። አንዲት የዲትሮይት ሴትዮ ደረቴን አየችና ‹ታዲያ ኬኩ የት አለ?› አለችኝ። ሳቅን። የጠበሰችውን ዶሮ አካፈለችኝ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን እስከ መጨረሻው ሄድን። ደኅናውን ባጅ የሰካውን ማን ዞር ብሎ አየው?»

«ይህን አንድም ቀን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ስትናደጂ ደስ ስለሚለኝ ነዋ።»

አርዜላን ሳቅ አመለጣት። ባጇን ከኪሷ አወጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለቻትና ከሣጥኑ መካከል፣ ከሁሉም ፊት አኖረቻት።

«ይኸው፣ ደስ አለሽ?» ብላ ዞር ስትል፣ ቬርኔል በሳህኑ ያመጣችውን የኮክ ኬኳን አንሥታ፣ ደኅና ዋይ እንኳ ሳትል፣ «ኬክ የፈለገ ይጠይቀኝ!» እያለች ደረጃውን ወጥታ ሄደች።