የሚያሸናው ክኒን

በስፌት ፋብሪካው ሁሉም «እትዬ» የሚላት ሰፊ፣ ልቧ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ክኒን ትውጣለች፤ አንዱ በእግሯና በሳንባዋ የሚጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያወጣ፣ ሌላው ለልብ ምት የሚያስፈልጋት ማዕድን፣ ፖታሲየሟ፣ አብሮ እንዳይወጣ የሚይዝላት። ስለዚህ እስከ ረፋድ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። አለቃዋ በምልልሷ ተማሮ የሚያሸናውን ክኒን እንድትተው አስጠነቀቃት። ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ተወችው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ትንፋሿም ተቆራረጠ።

መዋጥ እንደገና ጀምራ ወደ ሽንት ቤት ስትወጣ፣ አለቃው የአዳራሹ በር ላይ ተገተረ።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ሽንቴን ልሸና!» አለች፣ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ። «ልቤን የሚያስታምመው ክኒኑ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ዞር በል፣ አለዚያ እዚሁ እግርህ ሥር ነው!»

የስፌት መኪናዎቹ ጸጥ አሉ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አለቃው ፊቱ ቀልቶ ዞር አለ። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት ለመሄድ ያስፈቀደ ሰው የለም።