የቢኒ አምስተኛ ዓመት

«ልጠብቅ ወይስ ልግባ?» አለኝ ቢኒ። መኪና ውስጥ ነበርን፤ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ፣ እሱ ጎኔ ተቀምጦ ጉልበቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፏል። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመታችን ነበር። አሁን ጨርሻለሁ፣ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነስቻለሁ፤ ያ ጥያቄ ግን ሳይመለስ አራት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ኢንተርቪው ስመለስ ሴንት ፖል ላይ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ዞሬ በኮሌጁ ሜዳ አጠገብ አለፍኩ። ኦገስት ነው። አስፋልቱ ይፋጃል፣ አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ፊሽካ ይነፋል። ልጆቹ ሄልሜታቸውን አድርገው ልምምድ ጀምረዋል። መኪናዬን ዳር አስይዤ በአጥሩ ሽቦ አየኋቸው። በዚያ ሰዓት ቢኒ ኩን ራፒድስ በሚሠራበት መደብር ካርቶን እያራገፈ ነበር። ዘንድሮ መሆን የነበረበት ግን እዚህ ነው።

ቢኒ መንታ ወንድሜ ነው። እማዬ «እሷ ቸኩላ ወጣችና በሩን ዘጋችበት፤ እሱን ሐኪም ነው ያወጣልኝ» እያለች ሰው ታስቃለች። እኔ ማይክሮዌቭ ሳይጨርስ የምከፍት ሰው ነኝ። እሱ ሻዩ እስኪበርድለት ዝም ብሎ የሚያይ። የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ይጫወታል፣ ሪሲቨር ነው፤ ማለት ኳሷ ስትወረወር ሮጦ ሄዶ ከሩቅ የሚቀልባት። ሃይስኩል እያለን ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባለው ሰፈራችን፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ የምወረውርለት እኔ ነበርኩ። የስንቱን ጎረቤት መኪና አስጮህን። እኔ ቶሎ ቶሎ እወረውራለሁ፣ እሱ «ቆይ እንጂ፣ ገና አልዞርኩም» ይላል።

ኮሌጁ ሲቀበለው አሠልጣኙ አንድ ነገር አስረዳው። ተጫዋች አምስት ዓመት ይሰጠዋል፣ የሚጫወተው ግን አራቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ይለማመዳል፣ ብረት ያነሳል፣ ይበላል፤ ግጥሚያ ግን አይገባም። ያ ዓመት ይቀመጥለትና መጨረሻ ላይ፣ ሲጠነክር፣ ይጫወትበታል። አንዴ ከገባ ግን፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ዓመቱ ተበላ ማለት ነው። ቢኒ ያኔ ቀጭን ነበር፤ የትከሻ መከላከያው ሲደረግለት ልብስ መስቀያ ይመስል ነበር። «ጥሩ ነው፣ እጠብቃለሁ» አለ። መጠበቅ ለእሱ ምንም አልነበረም።

ለእኔ ግን ነበር። ቸርች ውስጥ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ «ወንድምሽ መቼ ነው የሚጫወተው?» «በሚቀጥለው ዓመት» ስል «እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ሰነፍ ነው ያሉት ይመስለኛል። አንድ እሁድ ማስታወቂያ ሲነገር ተነስቼ ማይክ ያዝኩ። «ቅዳሜ ቢኒያም ግጥሚያ አለው፣ መጥታችሁ አበረታቱት» አልኩ። ቡድኑ ግጥሚያ ነበረው፣ አልዋሸሁም። ግን በሆዴ፣ ያን ያህል ሰው ሲጮህ ከሰማ አሠልጣኙ ያስገባዋል ብዬ ነበር። የሚገባው ሰው ዓመት እንደሚያጣ እያወቅኩ።

መጡ። በቸርቹ ቫን፣ በየመኪናቸው፣ ከነልጆቻቸው። ኦክቶበር ነበር፤ ቅጠሉ ቀልቷል፣ የብረቱ መቀመጫ ብርድ ጂንስ አልፎ ይገባል። በር ላይ የውጭ ምግብ አይገባም ቢባልም ከሌክ ስትሪት የተገዛው ሳምቡሳ በእማዬ ቦርሳ፣ ሻዩ በፔርሙዝ እህት ብርቄ ኮት ውስጥ ገባ። እህት ብርቄ የቸርቹን የጸሎት ቡድን የሚመሩ ሴትዮ ናቸው። ጎኔ ተቀመጡ። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ጎንበስ ሲሉ ክርኔን ነካ አደረጉኝ።

«ተመስገን፣ እየጸለዩ ነው።»

«አይ እህት ብርቄ፣ እየተመካከሩ ነው።»

«ጎንበስ ብለው?»

«ሌላው ቡድን እንዳይሰማቸው።»

ትንሽ አሰቡ። «ይሁን፣ እኛ እንጸልይላቸዋለን» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቢኒ ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ሰዎቻችን ስሙን እየጠሩ ይጮኻሉ፣ እሱ አንዴም አልዞረም። የሁሉም ሱሪ ጭቃና ሣር ሆኗል፣ የእሱ ብቻ እንደነጣ ነው። እረፍት ሆነ፣ ተመለሱ፣ አሁንም ቆሟል። ሻዩ አለቀ። ሕፃናቱ መነጫነጭ ጀመሩ። «ሄሉዬ፣ ምን አጥፍቶ ነው ያቆሙት?» አሉኝ እህት ብርቄ፣ ቀስ ብለው። ደስ ያላት እማዬ ብቻ ነበረች። «ይቁም ልጄ። ማን ገፋው? ማን ጣለው?» አለች ሳምቡሳዋን እየገመጠች።

ሲያልቅ ሁሉም ተራ በተራ አቅፈው «አይዞህ» አሉት። አይዞህ የሚባለው ለታመመ ወይ ለወደቀ ሰው ነው። ጆሮዬ ጋለ። እማዬ በቫኑ ሄደች፣ እኔና ቢኒ በእኔ መኪና።

ሃይዌይ ላይ ስንወጣ ነገረኝ። ኳስ ተለግቶ ጨዋታ ሲጀመር ከሚሮጡት ልጆች ሁለቱ ተጎድተዋል። አሠልጣኙ «ከፈለግህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አስገባሃለሁ፣ ግን ዓመቱን ታጣለህ። ቤተሰብህን አማክርና ሰኞ ንገረኝ» ብሎታል።

«እማዬን ብጠይቃት ዕድሜ ልክህን አትግባ ነው የምትለኝ» አለ። «አንቺ ደግሞ እውነቱን ነው የምትነግሪኝ። ልጠብቅ ወይስ ልግባ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ቀጭን ነበር፣ ገና ነበር፣ አሠልጣኙም የሚያስገባው በተጎዱት ልጆች ቦታ ሮጦ እንዲጋጭ እንጂ ኳስ እንዲቀልብ አልነበረም። እኔ ግን የማየው የእህት ብርቄን ፊት ነው።

«ሰው ፊት እንዲህ ተገትሮ ከመዋል ምን የማይሻል አለ?» አልኩትና ሲዲውን ከፈትኩ።

ቢኒ በእጅጌው መስኮቱን ጠረገ። «እሺ» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገባ። ኳሱ ተለጋ፣ ሮጠ፣ ከአንድ ግንድ ከሚያህል ልጅ ጋር ተጋጨ፣ ተነሳ፣ ወጣ። ይኸው ነው። ዓመቱን በሙሉ እንዲሁ፤ ሮጦ መውጣት። ኳስ በእጁ ሳይነካ ዓመቱ ተበላ። እሁድ እህት ብርቄ ተነስተው «ጌታ ለልጃችን በር ከፈተለት» ብለው መሰከሩ። እኔም ከሰዉ ጋር አሜን አልኩ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ትንሽ ትንሽ እየተጫወተ፣ ብዙ እየተቀመጠ አለፈ። በአራተኛው ነው ቢኒ ቢኒ የሆነው። ሰውነቱ ሞላ። ዝግ ብሎ ይነሳል፣ ተከላካዩ እስኪሳሳት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጠፋበታል። የመጨረሻው ግጥሚያ ቀን ኖቬምበር ነበር፣ በረዶ እንደ ዱቄት ይበናል። የቸርች ሰው መምጣት ትቷል፤ እኔና እማዬ ብቻ ነን። እሷ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና «ተነሳ?» ትለኛለች፣ እኔ «ተነስቷል» እላታለሁ። መስመሩ ጫፍ ላይ ተንጠራርቶ አንዲት ኳስ ቀለበ፣ ሳይወድቅ። የማያውቁን ፈረንጆች ሁሉ ብድግ አሉ።

ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ እጄን ጨበጠኝ። «አንድ ዓመት ቢቀረው ኖሮ…» አለና ቢኒን አየት አድርጎ ተወው። ቢኒ «ርቦኛል፣ እንሂድ» አለ። ያን ቀን ናቾ በልተን ገባን።

አንስቶብኝ አያውቅም፣ በቀልድ እንኳ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ፊት ለፊት ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፤ የማን ወጥ ጨው እንደበዛበት፣ የማን ልጅ እንደተሞላቀቀ እናገራለሁ። እውነቱን ንገሪኝ ብሎ የጠየቀኝን አንድ ሰው ግን በሰው ፊት ስላፈርኩ ብቻ አሳሳትኩት።

ባለፈው ሳምንት ከአጥሩ ስር ተነስቼ ወደ ቤት አልሄድኩም። ኩን ራፒድስ ድረስ ነዳሁ። ቢኒ ብሬክ ላይ ነበር፤ ከመደብሩ ጀርባ፣ ዕቃ የሚራገፍበት ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ በኢንተርቪው ቀሚሴ።

«ሥራውን ሰጡሽ?»

«እንደውልልሻለን አሉ። በሜዳው በኩል አለፍኩ።»

ማኘኩን አላቆመም። «አዲሶቹ ሪሲቨሮች እንዴት ናቸው?»

«ቀጫጭን ናቸው።»

ሳቀ።

«ቢኒ፣ ያኔ መኪና ውስጥ የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ?»

«ሄሉ፣ ተዪው። የገባሁት እኔ ነኝ።»

«ጠይቀኸኝ ነበር እኮ። አልመለስኩልህም።»

አየኝ። የሳንድዊቹን ወረቀት ጠቀለለ። «ኦኬ» አለ። «መልሺ።»

አንድ ትራክ ወደ ኋላ እየመጣ ይጮኻል። እስኪያቆም ቆየሁ።

«ጠብቅ» አልኩት።