አያ ተገኘን ጥዬ የሮጥኩ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዬ ስሜን የሚጠራ ሰው ያስደነግጠኛል። ምክንያቱን ከሁለት ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ አስጎብኚ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ወደ ስሜን ተራሮች ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን እንግዳ ጠፋ። ሆቴሎቹ ባዶ ሆኑ። እኛም የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን መዋል ሥራችን ሆነ።

ኢንግሪድ የጻፈችልኝ በዚህ መሀል ነው። ከሰሜን አውሮፓ ናት፤ ስድሳዎቹን የያዘች፣ ጡረታ የወጣች መምህርት። ከባሏ ጋር ለመምጣት ስንት ጊዜ አቅደው ሳይሳካላቸው ባሏ ሞተባት። "ዋልያን አብረን ልናይ ነበር፤ አሁን ብቻዬንም ቢሆን ማየት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ቀጥላም "መንገዱ ሰላም ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያው ሳምንት ዳባት አካባቢ ተኩስ እንደነበር ሰምቻለሁ። ቢሆንም "ሰላም ነው፤ እኔ እያለሁ ምንም አትሆኚም" ብዬ መለስኩላት።

ሾፌራችን አያ ተገኘ ነበር። የማክሰኝት ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ። እንግሊዝኛ የሚያውቀው "ኖ ፕሮብሌም" የምትለዋን ብቻ ናት። እንግዳው የጠየቀው ምንም ይሁን ምን መልሱ እሷው ናት። ባለቤቱ እትዬ ጥሩነሽ "ምነው በዚህ ጊዜ?" ብላ ከልክላው ነበር። እኔ ነኝ ለምኜ ያወጣሁት።

ሁለቱን ቀን ተራራው ላይ በሰላም አሳለፍን። በሁለተኛው ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ሦስት ዋልያዎች ቆመው አየናቸው። ኢንግሪድ አቅርቦ ማያ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሳ አለቀሰች። ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት አያ ተገኘ ጋቢውን አውልቆ አለበሳት። እሱ ራሱ ገደሉን ቁልቁል እያየ "አገሩስ ሸጋ ነበር፤ ምን ያደርጋል" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ስንመለስ ዳባትን ያለፍነው ረፋዱ ላይ ነው። አንድ ኩርባ ዞር እንዳልን መንገዱን ዘግቶ የቆመ አይሱዙ አገኘን። በሮቹ ተበርግደዋል፤ ውስጡ ሰው የለም። አያ ተገኘ ፍሬቻ አብርቶ ዳር ያዘ።

"ይሄ ነገር አላማረኝም" አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ የፊት መስታወታችን ተበተነ። ተኩሱ ከላይ ከጉብታው ነው፣ ከታች ከወንዙም ነው። የሚተኩሱት እኛ ላይ ይሁን እርስ በርስ ዛሬም አላውቅም። አያ ተገኘ እንደሚያስል ሰው አደረገው። ዘወር ብዬ ሳየው ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ሆዱ በደም ርሷል። ደሙ መሪው ላይም ይንጠባጠባል።

"ውረዱ" አለን።

እኔ ወረድኩ። ከኋላ ወንበር ላይ ያለችውን ኢንግሪድን ዞሬ አላየሁም። በሩን ከፍቼ፣ የታጨደውን የገብስ ማሳ አቋርጬ ሮጥኩ። የድንጋይ ካብ ሳገኝ ከሥሩ ተጋደምኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆኝ ጠመንጃ የያዘ ሰው እየሮጠ መጥቶ ተደፋ። እግሩ መሬቱን ደጋግሞ መታ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጥይቱ የካቡን ድንጋይ ሲመታ ፍንጣሪው ፊቴ ላይ ይረጫል።

ያን ጊዜ ነው ኢንግሪድ የጠራችኝ።

"ዳዊት! ዳዊት!"

አራት ጊዜ ጠራችኝ። ድምፁ ከመኪናው ውስጥ ነው፤ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ፊቴን አፈሩ ውስጥ ቀበርኩ። ጎንደር ስለተውኩት ልጄ አስቤ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። ምንም አላሰብኩም።

ከማሳው ዳር ኩበት ስትለቅም የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። እሷም እንደኔ ተጋድማ ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ግን፣ እኔ በካቡ ጥግ አጮልቄ እያየኋት፣ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ በደረቷ እየተሳበች ወደ መኪናው ሄደች። የኋላውን በር ከፍታ ኢንግሪድን በብብቷ ይዛ ጎተተቻት። የፈረንጇ አንድ እግር ከጭኗ ጀምሮ ደም ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ቀና ስትል አየችኝ።

"አንተ ሰውዬ! ምነው ተኝተህ ታየኛለህ? ና ያዛት እንጂ!"

ተሳብኩና ሄድኩ። ሁለታችን ጎትተን መንገዱ ላይ ካለች ትንሽ ድልድይ ሥር አስገባናት። ሴትዮዋ መቀነቷን ፈትታ የኢንግሪድን ጭን ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ተኩሱ እስኪበርድ እዚያው ቆየን። ይታይሽ እባላለሁ ከማለት በቀር ሴትዮዋ ምንም አላወራችኝም፤ ደጋግማ ማርያምን ትጠራለች። እኔን ዞራም አላየችኝ።

ጸጥ ሲል ወደ መኪናው ሄድኩ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ፍሬቻውም ብልጭ ድርግም ይላል። አያ ተገኘ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ሞቷል። ቀኝ እጁ ወደ ኋላ ወንበር እንደተዘረጋ ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቁልፉን አጠፋሁ።

አንድ የጭነት መኪና አስከሬኑንና ኢንግሪድን ጎንደር አደረሰልን። ሐኪሞቹ ጥይቱን አወጡላት። በማግስቱ ልጠይቃት ስገባ ትክ ብላ አየችኝ።

"ስጠራህ ትሰማኝ ነበር?"

"እሰማሽ ነበር" አልኳት። በዚያ ሰሞን የተናገርኩት አንድ እውነት ይሄ ብቻ ነው።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወደዚያው እያየች እንዲህ አለችኝ።

"ተገኘ ወዲያው አልሞተም። ከወንበሮቹ መሀል ወድቄ ነበር። ቀና ልል ስል እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቴን ወደ ታች ይጫነኝ ነበር። 'ኖ ፕሮብሌም፣ ኖ ፕሮብሌም' ይለኛል። ድምፁ ከጠፋ በኋላም እጁ ጭንቅላቴ ላይ ነበር። ያቺ ሴት ናት ያነሳችው። ይህን ለሚስቱ ንገራት።"

በሳምንቱ ወደ አገሯ ወሰዷት። ከዚያ በኋላ አልጻፈችልኝም።

ቀብሩ ኢንግሪድን ጠይቄ በወጣሁበት ዕለት ከሰዓት ማክሰኝት ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ከለቀስተኛው መሀል ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

"አጠገቡ ነበርክ? በስተመጨረሻው ምን አለ?"

ስለ እጁ ብነግራት አንተስ የት ነበርክ ልትለኝ ነው። "አጠገቡ ነበርኩ። ክንዴ ላይ ነው ያረፈው። ስምሽን ጠራ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ልጄ እያለች ትጠራኝ ጀመር። ዓመት ሙሉ ቤቷ ስሄድ ከጎኗ ታስቀምጠኛለች። በሙት ዓመቱ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ትከሻዬን ይዛ ለዘመድ ሁሉ "ባሌ ብቻውን አልሞተም፤ ይሄ ልጅ አቅፎት ነው" አለች። የያዝኩትን እንጀራ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩ። ካህኑ ሳይቀሩ መረቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ታበጥራለች። መንገዱ ሰላም ነው ብዬ ከጻፍኩት ጀምሮ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስለ እጁ ስደርስ ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ቀኝ እጁን ነው?"

"አዎ፣ ቀኝ እጁን።"

"ደሙ እየፈሰሰ?"

"አዎ።"

 እንድትሰድበኝ እየጠበቅኩ ነበር።

"መሸሽህንስ ሰው ነህና ሸሸህ። እጁን ግን ምነው ደበቅከኝ? የባሌን ሞት ዓመት ሙሉ ምነው ደበቅከኝ?"

ተነስታ ገባች። አልወጣችም። ጥቂት ጠብቄ ሄድኩ።

በቅርቡ የበኩር ልጇን አዘዞ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። እጁን አልዘረጋልኝም፤ እኔም አልተቀየምኩም። እናቱ እንዴት እንደሆነች ጠየቅኩት።

"ደህና ናት። አሁን ለሰው የምትነግረው ሌላ ነው። እየሞተ የእንግዳዋን ራስ በእጁ ከልሎ አዳናት ትላለች። አንተን አታነሳህም።"

ታክሲው መጣና ገባ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሳላስበው ዕንባዬ መጣ፤ ግን ደረቴ ላይ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ቀለለኝ። የኢንግሪድ ጥሪ ዛሬም በጆሮዬ አለ፤ እሱ የሚለቀኝ አይመስለኝም። አያ ተገኘ ግን አሁን አገሩ ላይ እንዴት እንደሞተ በትክክል ይነገርለታል። ልጆቹም ያውቁታል።