ቀዩ ሸሚዝ በሰሊጡ መሐል

ከአገሬ ከሽንፋ ወደ ጀርመን ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከአባቴ ጋር ሰሊጥ ማሳችን ላይ ነበርሁ። ሻንጣዬ ታስሯል፣ የሸሕዲ ሚኒባስ ለጧት ተይዟል፤ እኔ ግን ስንብት ስለምፈራ አረም እየነቀልሁ ወሬ አበዛለሁ። ድንገት ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ኮሽ አለ። ዘልዬ ወጣሁና የለበስሁትን ቀይ ሸሚዝ አውልቄ፣ እንጨት ላይ አስሬ ተከልሁት።

ቆላችንን ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ ማሳ እባብ ያየ ሰው ሥራ አያስቆምም። ጨርቅ በእንጨት አስሮ ይተክላል፣ ከኋላ የሚመጣው አራሚ ጨርቁን አይቶ ዞሮ ያልፋል፣ ቀሪው ማሳ ይታረማል። ጨርቁን የሚነቅለው ደግሞ የተከለው ሰው ብቻ ነው፤ ምን እንዳየና የት እንዳየ የሚያውቀው እሱ ነዋ። ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች እንኳ ማደሪያቸው ካምቦ በገቡበት ቀን መጀመሪያ የሚነገራቸው ይህ ነው።

አባቴ ራቁት ደረቴን አይተው ሳቁ። "እንግዲህ ጀርመን እንዲህ ሆነህ ልትገባ ነው?" አሉኝ።

ለብሼ ነው የገባሁት፤ ብርዱ ግን አልተለየኝም። መተማ ዮሐንስ ስልክና ኮምፒውተር ስጠግን፣ ኋላም ጎንደር ስማር ያጠራቀምኋት እውቀት ነች ሥራ ያስገኘችልኝ። አከራዬ ፍራው ብራንት የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት በሬን አንኳኩ።

"ሃይትሱንጉን ሃያ ስምንት ላይ አድርገኸዋል። ታመሃል?" አሉኝ ማሞቂያውን እየነካኩ።

"ደኅና ነኝ። በእኔ አገር ይህ የዛፍ ጥላ ሥር ማለት ነው።"

"ይህ እኮ ቤት ነው፣ ምድጃ አይደለም!" ብለው ሄዱና ሹራብ ይዘውልኝ ተመለሱ። ደግ ናቸው። ዳቧቸው ግን መንጋጋ ያደክማል፤ ከድንበር ማዶ ጋላባት የምንበላውን ትኩስ ፉል እያሰብሁ አኝካለሁ።

ሥራዬ ከርነል ላይ ነው። ከርነል ከሁሉም ሥር ሆኖ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ለፕሮግራሞች እየሸነሸነ የሚያድል ሶፍትዌር ነው። ሜሞሪ በሙቀትም በእርጅናም ይሳሳታል፤ አንድ ተብሎ የተጻፈበትን ዜሮ ብሎ ይመልሳል። ትንሹን ስህተት ማሽኑ ራሱ አርሞ ቦታውን ለከርነሉ ይናገራል። ትልቁን ግን ማረም አይችልም፤ በዚያ ቦታ ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ይገደላል። ስለዚህ ከርነሉ ትልቁ ስህተት ሳይመጣ የሚጠረጠረውን ቦታ አጥሮ ለማንም እንዳይሰጥ ይደረጋል። መቼ ይታጠር? ይህን የሚወስነውን ኮድ እንድጽፍ ተሰጠኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከወደቅሁ ሥራውም የመኖሪያ ፈቃዱም አብረው ይሄዳሉ።

የቆላ ልጅ ምን ይጻፍ? መጀመሪያ ኮሽ ሲል ጨርቅ ተከልሁ! አንድ ጊዜ ብቻ የተሳሳተውን ቦታ ሁሉ አጠርሁት። በሳምንቱ አለቃዬ ኡተ ጠራችኝ።

"የሙከራው ሰርቨር ማቀዝቀዣ ሁለት ቀን ደክሞ ነበር። በየቦታው አንድ አንድ ስህተት ታየ፣ ያንተ ኮድ ሁሉንም አጠረው። አሁን ፕሮግራሞቹ መቀመጫ የላቸውም" አለችኝ።

"ግን አንድም ፕሮግራም አልተገደለም" አልሁ።

"የሚሠራ ሲኖር አይደል የሚገደለው!" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ለሙከራ ጊዜዬ የቀሩትን ቀናት ቆጠርሁ። እስከ ሰኞ እንዳስተካክለው ነገረችኝ።

ቅዳሜ ለአባቴ ደወልሁ።

"አባ፣ እንዴት ዋሉ? ማሳ ላይ ጨርቅ የሚተከለው መቼ ነው?"

"ምነው፣ ጀርመንም እባብ አለ እንዴ?"

"የለም፣ ለሥራዬ ነው።"

"አንዴ ኮሽ ካለ ነፋስም ይሆናል፣ አይጥም ይሆናል። እዚያው ቦታ ደግሞ ኮሽ ሲል ነው የሚተከል።"

"እኔ እኮ ገና በመጀመሪያው ነበር የምተክል።"

"አንተማ ፈሪ ነህ! ማሳውን የባንዲራ ቀን አስመስለኸው አልነበር?"

ኮዱን አስተካከልሁት። አንዱን ስህተት መዝግቦ ያልፋል፤ እዚያው ቦታ ቶሎ ከደገመ ያጥረዋል። ሰርቨሩ ሠራ፣ እኔም የሙከራ ጊዜዬን አለፍሁ። ኡተ ሐሳቡን ከየት እንዳመጣሁት ስትጠይቀኝ "ከሽንፋ" አልኋት፤ የመጽሐፍ ስም መስሏት ጻፈችው። ከደስታዬ ብዛት ለፍራው ብራንት ሃይትሱንጉን ወደ ሃያ ሁለት አወረድሁላቸው።

ምሥራቹን ልነግር ስደውል አባቴ ማሳ ላይ ነበሩ። ትራክተሩ ሲያርስ ይሰማኛል፤ የዚያ ጥቁር አፈር ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። መርቀውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

"ያ ቀይ ሸሚዝህ እንደቆመ ነው። ዘንድሮም ትራክተሩን አዙረን አለፍነው።"

አፈርሁ። "አባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ያኔ እባብ አላየሁም። አንዴ ኮሽ ሲል ሰምቼ ነው። ይንቀሉትና ይዝሩበት።"

"እንዳላየህማ ያን ለት አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ተውት?"

የትራክተሩ ድምፅ ራቀ።

"የተከልኸው አንተ ነህ" አሉኝ። "መጥተህ ንቀለው።"