አፏን የዘጋችው ዓሳ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። «ዓሳ ነው እኮ፣ ልጄ» ብለው በአንድ ቃል እንዳይፈቱኝ ብዬ ነው። እናንተም «ዓሳ ነው» ልትሉኝ ከሆነ እዚሁ ላይ አቁሙ። እንዲቀልልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ጎረቤቴ ሰይድ መካነ ሰላም ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። ጉረኛ ነው፤ እጁ ግን ጉራውን አሳፍሮት አያውቅም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሲክሊድ የሚባሉ ሰማያዊ ዓሳዎች ውኃ በሞላ ላስቲክ ይዞ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ በሚኒባስ ታቅፏቸው መጣ። ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው አለን። ምግባቸው ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። ሰይድ ከወንዝ ድንጋይ እያመጣ በሳፋ ውኃ ነክሮ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲያረነጉድ የመስታወት ገንዳው ውስጥ ይከተዋል፤ እነሱም እስኪጠራ ድረስ ይግጡታል። ሥጋ ስለማይቀምሱ «ጾመኞቹ» ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ሰፈሩም በዚያው ጠራቸው።

ዓሳዎቹ ሙቅ ውኃ ይፈልጋሉ፤ አገራችን ብርድ ነው፤ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ሰይድ የመኪና ባትሪና ሶላር አገናኝቶ፣ መብራት ሲጠፋ የውኃ ማሞቂያው በራሱ ወደ ባትሪ የሚዞርበትን ዘዴ ሠራ። ይህን ያየ ሁሉ «ለእኔም» አለ። ለሱቅ፣ ለመስጊዱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ገጠመላቸው። ያን ሰሞን ጉራው አላስቀምጥ አለን።

ሚስቱ ከዲጃ ታማ ደሴ ሊወስዳት ሲነሳ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። ወንድሙ እያለ ለእኔ።

«እትዬ ብርቄ፣ አማና ነው» አለኝ። «አንደኛዋ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛለች። እስክትለቃቸው አትበላም፤ አይዘኑላት። ለሌሎቹም ከድንጋዩ በቀር ምንም እንዳይሰጧቸው። ሥጋ ነገር ሆዳቸውን ይነፋዋል።»

«አላህ ያሽራት፤ አንተ ሂድ» አልኩት።

አማና፣ አደራ ማለት፣ እኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ አማና በላች የተባለች ሴት ሰላምታዋም ይከብዳል። ከወንድሙ በላይ መታመኔ ደግሞ አኩርቶኝ ነበር፤ ቁልፉን ሰው እንዲያየው በአንገቴ አንጠልጥዬው ነበር የምሄደው።

ፋሲካ ደረሰ። ሁዳዴን ጾሜ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጾመኞቹን አየኋቸው። ውሻ እንኳ በፋሲካ ጠግቦ ያድራል፤ እነዚህ ምን አጠፉ? የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉን ፈርፍሬ፣ ሥጋም አድቅቄ ከትፌ ጨመርኩላቸው። ተሻሙበት። «ለካ ሰይድ ነው ያስጾማችሁ» ብዬ ሳቅሁ። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ሞኝነት ነው፣ አለመስማት ነው፤ ግን በልቤ ክፋት አልነበረም። ይህን እንደ ኃጢአት የሚቆጥርብኝ ካለ ይቁጠር።

ሆዳቸው ተነፋ። ያን ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከተማው ጨለማ ነበር፤ የሰይድ ባትሪ ግን አንድም ጊዜ አልደከመም፤ እጄን ስከት ውኃው ለብ ያለ ነው። በሞቀ ውኃ ውስጥ እየተገለበጡ አለቁ። አንዲት ብቻ ቀረች። እንቁላሉን ሲሻሙ ድንጋይ ሥር ተወሽቃ አፏን ዘግታ የነበረችው፣ ባለልጆቿ።

ሰይድ ደወለ። ከዲጃ ተሽሏታል፤ ነገ እንገባለን አለ። የዚያን ጊዜ ነው ውሸቱን ያዘጋጀሁት። መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪው እንቢ ብሏል፣ ብርድ ፈጃቸው እለዋለሁ። ማን ይጠረጥረኛል? ግን ብርድ ሁሉን ገድሎ እሷን ብቻ እንዴት ማራት? ሰይድ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም።

እጄን ከትቼ አወጣኋት። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ቆሜ አየኋት። ብዙ ጊዜ ታገለች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ልትሞት ስትል ነው የከፈተችው፤ ሩዝ የሚያህሉ ልጆቿ ጨርቁ ላይ ፈሰሱ። ይንቀሳቀሱ ነበር። ቤቴ ወስጄ በባልዲ ልደብቃቸው አልችልም ነበር? እችል ነበር። አላሰብኩትም? አስቤዋለሁ። ሰው ቢያይብኝስ ብዬ ተውኩት። ሦስት ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ያን ቀን ምን ዓይነት እናት እንደነበርኩ አላውቅም።

ሰይድ መጥቶ ባዶውን ገንዳ አየ። እኔ አለቀስኩ፤ እንባዬ እውነተኛ ነበር፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስቀያሚ ነው። እሱ አጽናናኝ።

«ሰው ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ዓሳ ይተካል፤ እርስዎ አይዘኑ» አለኝ። ቀጥሎ ወደ ባትሪው ዞረ። «ይሄ ግን ምን ነካው?»

«መሃል ላይ ጠፋ። ስመለስ በርቶ አገኘሁት፤ ውኃው ግን በረዶ ሆኗል» አልኩት።

ፈታታው። ሽቦውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለካ፣ ገጠመ፣ እንደገና ፈታ። ምንም አላገኘም። ሊያገኝም አይችልም። «ያገኘሁትን ብልሽት እጠግናለሁ። ያላገኘሁትን ግን ሰው ቤት አላስገባም፤ እሳት ቢያስነሳስ?» አለ። ለሰው የገጠመውንም እየዞረ አነሳ። ገንዳውን ሸጠ። ዛሬ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። አይጎርርም። ጉራው ይናፍቀኛል፤ በዚያች ምላስ ስንቴ ተሳስቀን ነበር።

በቀደም ፀጉር አስተካካዩ ባትሪ ግጠምልኝ ብሎ ሲለምነው እኔ ቆሜ ነበር። ሰይድ ወደ እኔ አመለከተ፤ «እትዬ ብርቄን ጠይቃቸው፤ ሲከዳ በዓይናቸው አይተዋል» አለ። እኔም «አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩ። ደግሜ ገደልኩ፤ በዚህ ጊዜ የገደልኩት ዓሳ አልነበረም።

እና ምን ልበላችሁ? ይቅር በሉኝ? እናንተን ምን በደልኳችሁ? ሰይድንም አፉ በለኝ አልለውም። ሳልጨርስ «አፉ ብያለሁ» ይለኛል፤ ከዲጃም ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ በርካሽ ተገላገልኩ ማለት ነው። አይሆንም። ይቆጣኝ። ሰላምታዬን ይንሳኝ። ከተማውም አማና በላች ይበለኝ፤ በልቻለሁ። ሱቁ መደርደሪያ ላይ ይህን ወረቀት አስቀምጬለት እሄዳለሁ፤ ከፈለገ ጮክ ብሎ ያንብበው።

ሰይድ፣ ዓሳዎችህን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ፤ በእንቁላልና በሥጋ። ልጆቿን በአፏ የያዘችውን ደግሞ በእጄ፣ እያየሁ፣ አውቄ። ባትሪህ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቷል። ብልሽቱን ያላገኘኸው ስላልነበረ ነው።