ባለቤቴ ያልሠራቻቸው ጽጌረዳዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ... ሳሎናችን ውስጥ ሦስት እንግዶች ተቀምጠው ባለቤቴን ያመሰግናሉ። «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ። የሚያመሰግኗት እኔ ስለሠራኋቸው አበቦች ነው።

ከመነሻው ልንገራችሁ። አምና ክረምት የቀጨኔ ቁልቁለት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን አንሸራተተኝና የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ሲወጣ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ጣትዎን የሚያሠራ ነገር ይያዙ፤ ለምሳሌ ኪሮሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስልኬ ላይ እያየሁ ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጽጌረዳ ላይ ደረስኩ። ቀዩን ክር እንደ ጥብጣብ ሠርቼ እጠቀልለዋለሁ፤ ሽቦ በአረንጓዴ ክር ጠምጥሜ ግንድ አደርግለታለሁ፤ ቅጠሉን ለብቻው ሠርቼ ግንዱ ላይ እሰፋዋለሁ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው መኝታ ቤት ውስጥ፣ በር ተቆልፎ ነው። በሕይወቴ ይህን ያህል ተጠንቅቄ የደበቅሁት ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ሰፈራችን ጉለሌ ነው። እዚህ ወንድ ልጅ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ቀኑን ሙሉ ክር ሲያስኬድ ቢውል የሚስቅበት የለም። ሸማኔ ነው፤ ባለሙያ ነው፤ የቤት አባወራ ነው። ክሩ ያው ክር ነው። መሣሪያው ከእርሳስ ካነሰ ግን ወንድነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ የሚያስፈጽሙት ግን የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ደረጀ ናቸው።

ስለዚህ ያለቁትን አበቦች ሳሎን ውስጥ አይቶ «ማን ሠራው?» ላለኝ ሁሉ «ወይንሸት» እላለሁ። ወይንሸት ባለቤቴ ናት። የወለቀ ቁልፍ ለማስተከል ልብስ ሰፊ ዘንድ የምትሄድ ሴት።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። እንግዶቹ አቶ ደረጀ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች እና ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ወልዴ ነበሩ። እነአቶ ደረጀ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለሠርጉ ጠረጴዛዎች ሠላሳ የክር ጽጌረዳ ፈልገዋል። ጋሽ ወልዴ የሙሽራዋን ቀሚስ እየሠሩ ስለሆነ የጥለቱን ቀለም ከአበባው ጋር ሊያስተያዩ መጥተዋል።

«ሴት ማለት እንዲህ ናት!» አሉ አቶ ደረጀ። «በቀደም ስልክ ላይ አንዱ ጺማም ኪሮሽ ይዞ ሲሠራ አላየሁም? በፈጣሪ! ከዚህ በኋላ ምን ቀረው... መቀነት መታጠቅ?»

ይህን ሲሉ እጃቸው ያረፈው በጋሽ ወልዴ ትከሻ ላይ ነው። አርባ ዓመት ከክር ጋር በኖረ ትከሻ ላይ። ጋሽ ወልዴ ከአበቦቹ አንዱን አነሱ። እኔ ግን ሳቅሁ። ያውም ጮክ ብዬ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ለማስመሰያ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን ኪሮሽና ክር አነሱ። «ወይንሸትዬ፣ እስቲ አንዲት ቅጠል እዚሁ ሥሪልን። እኔም ልልመድ።»

ወይንሸት አየችኝ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ኪሮሹን ተቀበለችና... እንደ ሹካ ጨበጠችው።

«መነጽሬ...» አለች።

«መነጽር ታደርጊያለሽ እንዴ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አላደርግም።»

ጋሽ ወልዴ እስከዚያ ድረስ አንዱን ጽጌረዳ እያገላበጡ ነበር። ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍራቸው ገለጥ አደረጉና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ወይንሸት፣ ይቺን ቋጠሮ ማን አሳየሽ?»

አለቀልኝ። እጄ ጀሶ ውስጥ ሳለ የምውለው ጋሽ ወልዴ ዘንድ ነበር። ድር ሲበጠስ የሚቀጥሉባትን ቋጠሮ፣ ያቺን ጠፍጣፋና ትንሽ፣ ጣት የማያገኛትን፣ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በሩን መቆለፍ አስታውሼ ቋጠሮዋን ረሳኋት።

«ያሳየሁት ለልጆቼ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ለልጆቼና... ለአንድ ሥራ ፈት ጎረቤት።»

ወይንሸት ተነስታ ኪሮሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «እንካ። እኔ ደክሞኛል፤ ስድስት ወር ሙሉ ስሠራ ከረምኩ!»

ሠራሁ። ምን አማራጭ አለኝ? ሁለት ጊዜ ፈታሁት። በሦስተኛው ቅጠሏ ወጣች። እትዬ ዘነበች ተቀበሉኝና ፊትና ጀርባዋን አይተው «ሠላሳው ለሠርጉ ይደርሳል?» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

አቶ ደረጀ ግን ነበራቸው። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ... እ... ማለቴ፣ ሠርጉ ላይ ለእንግዳው ወይንሸት ሠራችው ብንልስ? በቃ፣ ለአንተው ክብር ብዬ ነው።»

ኃጢአቴን ልናዘዝ... «ይሁን» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ቀደሙኝ። «ጥሩ ሐሳብ ነው። እንግዲያው ቀሚሱንም የወልዴ ሚስት ሠራችው በሉልኝ። እኔም እኮ ክብር አለኝ።»

ወይንሸት በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሳቋ ግን ሳሎን ድረስ ተሰማ። አቶ ደረጀ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

አሁን በር አልቆልፍም። ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ መስኮቱ ሥር ነው የምቀመጠው፤ ሃያ አንደኛው ላይ ደርሻለሁ። ትናንት ጠዋት አቶ ደረጀ ሲያልፉ ቆም አሉ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቅጠሉን ትንሽ ሰፋ አድርገው፤ ፎቶ ላይ ያምራል» አሉኝ።

ወንድነቴ ተመልሶልኛል ማለት ነው... ቢያንስ እስከ ሠርጉ ማግስት።