ከበሩ የሚበልጥ ተራራ

ባለ ዳቦ ቤቱ ወደ ምድር ቤቱ የወረደው በር ሊለካ ነበር። አዲስ ምድጃ ገዝቷል፤ በበሩ ይግባ አይግባ ማወቅ ፈለገ። ሜትሩን ዘረጋ፣ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። ይገባል። ከዚያ ዞር ሲል ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላውን፣ ትንንሽ ባቡሮች የሚሄዱበትን ጠረጴዛ አየ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የቆመውን የጀሶ ተራራ አየ። እንደገና በሩን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄን በየት ነው ያስገባችሁት?» አለ።

ሦስቱ የባቡሩ ባለቤቶችም ዞረው በሩን አዩ።

አላስገቡትም። እዚያው ነው የሠሩት። እንጨቱ ጣውላ በጣውላ ገባ፣ ጀሶው በከረጢት ገባ፣ ሐዲዱ በብጣሽ በብጣሽ በኪስ ሳይቀር ገባ። አንዴ ከገባ በኋላ ከዓመት ዓመት እየተጋጠመ ሰፋ። በሁለት ሐዲድ መካከል ስላለች የፀጉር ያህል ክፍተት ሙሉ ከሰዓት የሚከራከሩ ሰዎች፣ የበሩን ስፋት አንድ ቀን እንኳ ለክተው አያውቁም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ እታገሣችኋለሁ» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ፤ አፍሮ ነው የሚናገረው። «ከዚያ በላይ ግን ምድጃውን መንገድ ላይ አላሳድረው። በክፋት አይደለም፣ ታውቁኛላችሁ።»

ያውቁታል። ክፍሉን ያለ ምንም የሰጣቸው አባቱ ነበር፤ ልጁም ዝም ብሎ አኖራቸው። ማንም ሊያማው አልቻለም፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

ከሦስቱ አንዱ ቀለም ቀቢ ነው። ተራራው የእሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቀባ ኖሮ፣ ጉልበቱ መሰላል አልወጣም ሲለው ሥራውን ተወ። ሚስቱ «ጉልበትህ ከአንተ ቀድሞ ጡረታ ወጣ» ትለዋለች።

ወደ ባቡሩ ያመጣው ጠብ ነው። አንድ ክሊኒክ ሲታደስ፣ ገና ያልደረቀ ግድግዳው ላይ አንድ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ በድሪል ቀዳዳ ከፈተበት።

«አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም?»

«አለኝ። ቀለምህ ግን መብራት አያበራም።»

እስከ ምሳ ድረስ ተሰዳደቡ። ምሳ ሰዓት ላይ ኤሌክትሪሺያኑ በመሀረብ የተጠቀለለች ነገር ከኪሱ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ መጥረግ ጀመረ። ጣት የማታህል የባቡር ራስ ነበረች። ቀቢው ንዴቱን ረስቶ ተጠጋ።

«ትሄዳለች?»

«ና ላሳይህ።»

ሄደ። በዚያው ቀረ።

ኤሌክትሪሺያኑን የሚያውቀው ሁሉ ቮልት ነው የሚለው። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ሁሉም ቲቸር ይላቸዋል። የባቡሮቹን መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚያወጡት ቲቸር ናቸው። ባቡር ከዘገየ እንደ ተማሪ ይቆጡታል። «ከየት ነው አሁን የምትመጣው?» ይሉታል ፉርጎውን፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

ቀቢው መጀመሪያ ፉርጎ ቀባ። ቀጥሎ ጣቢያውን ቀባ። ከዚያ ቮልት «እዚህ ጥግ ላይ ዋሻ ያለው ተራራ ያስፈልገናል» አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራው ነገር ሁሉ ዝርግ ነበር። ጨርቅ በጀሶ እየነከረ በሽቦ ወንፊት ላይ አለበሰ፤ ሲደርቅ ገደል ሆነ። ገደሉን ግራጫ ቀባው፣ አልወደደውም፣ ፍቆ ቡናማ ጨመረበት። ከረመበት። ሲጨርስ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ምሳውን በላ። ከዚያ በፊት የጨረሰውን ሥራ ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር። ቀለም ሲደርቅ ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ቀቢ ቆርቆሮውን ይዞ ይወጣል።

አሁን ግን ትቶት ሊወጣ የሆነው ተራራውን ነው።

«ግድግዳው ቢፈርስስ?» አለ ቮልት፣ ባለ ዳቦ ቤቱ ከሄደ በኋላ።

«የማን ግድግዳ?» አሉ ቲቸር።

«ኧረ ዝም ብዬ ነው።»

በሳምንቱ ቲቸር መፍትሔ ይዘው መጡ። የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ፎቁ ላይ አዳራሽ አለው፤ ኃላፊዋ የድሮ ተማሪያቸው ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልትሰጣቸው እሺ ብላለች። በሌላው ቀን ስብሰባ ስላለ ግን ባቡሩ ጠዋት ተገጥሞ ማታ ተነቅሎ ዕቃ ክፍል መግባት አለበት።

«ባቡር ነው ድንኳን?» አለ ቮልት።

«መቆረጥ አለበት። አራት ቦታ። የት የት እንደሆነ አስልቼዋለሁ።»

«ያኔ በሩን ቢያሰሉልን ይሻል ነበር።»

«በሩን ለክቶ የሰጠኝ የለም። እኔ የተሰጠኝን ነው የማሰላው።»

ከአራቱ መስመር አንዱ ተራራውን መሀል ለመሀል ይሰነጥቀዋል። ይህን ሲረዱ ሁለቱም ወደ ቀቢው ዞሩ። ቀቢው የዋሻውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ቆይቶ «ይቆረጥ» አለ።

«አይቆረጥም» አለ ቮልት።

«ምን ሆነሃል? ተራራው የኔ ነው።»

«ከሥር ያለው ሽቦ ደግሞ የኔ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፣ አንድ የሚነቀል ስፒና የለበትም፣ ሁሉም በቀለጠ ሊድ የተያያዘ ነው። ስፒና በሥራው የማይተማመን ሰው ነው የሚያደርገው።» ጃኬቱን አነሳ። «ባቡሮቹን እንውሰድ። ሌላውን የቆሻሻ መኪና ይውሰደው። ክፍል ሲገኝ እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

«መቼ ነው የሚገኘው?»

«ሲገኝ ነዋ።»

«እስከዚያስ?»

«እንደዋወላለን።»

ቀቢው ይህችን ቃል ያውቃታል። ከእሱ ጋር መሰላል ይወጡ የነበሩት ልጆች ሲበተኑም «እንደዋወላለን» ነበር ያሉት። በአንድ ቆርቆሮ ብሩሽ የነከሩ፣ በአንድ ሳህን የበሉ ሰዎች ናቸው። አሁን የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ነው፤ እዚያም ስለ ደም ግፊት አውርተው ይለያያሉ። በዚህ ዕድሜ እንደ አዲስ የሚጀምር የለም። ጠረጴዛው ከዚህ ክፍል ካልወጣ፣ ሦስቱም አብረው እንደማይወጡ ያውቃል።

«እኔ ተራራዬን እሺ ስል አንተ ለሽቦ ታለቅሳለህ?» አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሏል።

«ተራራህን ቁረጠው! ጀሶ ነው! ሽቦዬን ግን እንዳትነካ።»

በሩን ወርውሮ ወጣ። ቲቸር «ከክፍል ያለ ፈቃድ አይወጣም» አሉ፤ ግን የሳቀ አልነበረም።

ቀቢው ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ «ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም። ቮልት ተራራህ ጀሶ ነው አለኝ።»

«ጀሶ አይደለም እንዴ?»

ነገሩን ጎትታ አወጣችው። ሰምታ ስትጨርስ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። ያ ክፍል ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብለህ የድስቴን ክዳን እየከፈትክ የምታይ ከሆነ፣ ተራራውን እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መጋዝና የቀለም ቦርሳውን ይዞ ወረደ። እሷም ተከተለችው፤ ጉልበቱ ካወረደው በኋላ የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል። ቲቸር ያሰመሩትን መስመር ይዞ ከጫፉ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እጁ እምቢ አለው። ከዚያ ጀሶው መርገፍ ሲጀምር ሥራ ሆነ፤ ሥራ ደግሞ ያውቃል። ተራራው ለሁለት ሲከፈት ሚስቱ ጎንበስ ብላ የተሰነጠቀውን ጎን ትኩር ብላ አየች።

«ይሄ አበባ...»

«የቱ አበባ?»

«ይሄ መጋረጃዬ አይደለም? የሳሎኑ! ላውንደሪ ቤት ጠፋ ያልከኝ!»

ቀቢው መጋዙን አቆመ።

«ለተራራ ጥሩ ጨርቅ ነበር» አለ።

«ያን ምስኪን የላውንደሪ ሰውዬ እኮ ሰላም ማለት አቁሜያለሁ!»

በዚህ መሀል ቮልት ባዶ ካርቶን ይዞ ገባ። የባቡር ራሶቹን ሊወስድ ነው የመጣው። ለሁለት የተከፈለውን ተራራ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። የጠረጴዛው እንጨት ተቆርጧል። ከሥሩ ግን ሽቦዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሁለቱን ግማሾች አያይዘው ተንጠልጥለዋል።

«ሽቦህን አልነካሁም» አለ ቀቢው።

ቮልት ካርቶኑን አስቀምጦ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ቆየ። ቀቢውም እያቃሰተ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አንገቱን አስገብቶ አየ። ሽቦው ሁሉ ጥቁር ነው።

«አንድ ቀለም ነው እንዴ?»

«ከአንድ ሥራ ትልቅ ጥቅል ተርፎልኝ ነበር። ቀለም መለየት ምን ያደርጋል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ አልኩ።»

«ስትለን እኮ ነው የኖርከው።»

«ነበረ።» ቮልት ወደ ላይ እያየ ነው የሚያወራው፤ ወደ ጓደኛው አልዞረም። «አሁን የለም። የትኛው የጣቢያው መብራት እንደሆነ፣ የትኛው የሐዲዱ እንደሆነ ጠፍቶኛል። አምና አንዱ ሲቃጠል ሥራ በዛብኝ ብዬ የቀረሁት ለዚያ ነው። ከተቆረጠ መልሼ አልገጥመውም፤ እናንተ ፊት ከማፍር ይጣል አልኩ።»

ቀቢው አይዞህ ማለት አይችልበትም። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ቀጭኗን ብሩሽና ትንንሾቹን ቆርቆሮዎች አቀብዪኝ» አለ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ቮልት።

«ከመቁረጥህ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ ከመቁረጫው ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት የቀለም ነጥብ አደርግለታለሁ። ቀይ ከቀይ ይገጥማል። የት እንደሚሄድ እሱ ራሱ ያውቃል፤ አንተ ማወቅ አይጠበቅብህም።»

ቮልት ራሱን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ፀጉሩ ጀሶ ሆኗል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«በር ነቅዬ ስቀባ ማጠፊያውን እንዲህ ነው የማደርገው። አንተ እኮ የምታውቀኝ ግድግዳዬን ስትበሳ ብቻ ነው።»

ቮልት ፒንሳውን አወጣ። ቀቢው ነጥብ ያደርጋል፣ ቮልት ይቆርጣል፣ ጫፉ ላይ ስፒና ያስራል፤ እያጉረመረመ። ሽቦው ከቆርቆሮው ቁጥር ስለበለጠ ቀቢው ቀለም ማደባለቅ ጀመረ። ቲቸር ከሰዓት በኋላ ሲመጡ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተጋድመው፣ ሚስትየው ደግሞ የመጋረጃዋን ቁራጭ ከተራራው ውስጥ በመቀስ ስታወጣ አገኟቸው። ምንም አልጠየቁም። ካፖርታቸውን አውልቀው ቀሪዎቹን መስመሮች እንደገና ለኩ። ከዚያ በሩን ለኩ። ሁለት ጊዜ።

ምድጃው ሲመጣ ክፍሉ ባዶ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዳሰቡት አልሄደም። ጠረጴዛዎቹ አዳራሹ ውስጥ ሲገጠሙ ሐዲዱ በየመገናኛው ተቋርጦ ተገኘ። መጋዙ ሲቆርጥ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ በልቷል።

«የመጋዙን ጥርስ አላሰላሁትም» አሉ ቲቸር። ከልባቸው ነው የደነገጡት።

ከተረፈ ሐዲድ ትንንሽ መሻገሪያ ቆርጠው ክፍተቶቹን ሞሉ። እያንዳንዷን ለማስገባት ሰው ከዚህም ከዚያም ወገን ጠረጴዛውን መያዝ ነበረበት። ከታች ንባብ ቤት የነበሩ ሰዎች ኳኳታውን ሰምተው ሊቆጡ ወጡ፤ ያዩትን ሲያዩ ተራራውን ደግፈው እንዲይዙ ታዘዙ። ቮልት ስፒናዎቹን ማገናኘት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከሥር ጩኸቱ ተሰማ።

«ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው!»

«አይደሉም» አለ ቀቢው። «አንዱ የሆስፒታል ኮሪደር ነው፣ አንዱ የትምህርት ቤት በር።»

«የሆስፒታሉ የቱ ነው? የታመመው?»

«የገረጣው።»

ቲቸር ሰዓታቸውን አይተው «ይነሳ» አሉ። ቀቢው መቆጣጠሪያውን አዞረ። ባቡሩ ንቅንቅ አላለም፤ የጣቢያው መብራት ግን ቦግ አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቮልት ከሥር «ምንድን ነው? ሄደ?» አለ፤ ሳቁ ሲበረታ ገባው። ሁለት ስፒናዎችን አቀያየረ።

ባቡሩ ከጣቢያው ወጣ። የመጀመሪያው መገናኛ ላይ ዘሎ ወደቀ። አነሱት። ጠረጴዛውን በታጠፈ ወረቀት ደገፉት። አሁንም ወደቀ። ቀቢው ጉልበቱን ረስቶ ተንበረከከና ዓይኑን ከጠረጴዛው ትክክል አድርጎ አየው፤ ዘመኑን ሙሉ ግድግዳ ቀጥ ማለት አለማለቱን ያየበት ዓይን ነው። «በኔ በኩል ዝቅ ብሏል» አለ። «አንሳው፣ ቮልት። ትንሽ። በዛ። እዚያ ላይ ያዘው።»

ባቡሩ መገናኛውን ቀጭ ቀጭ ብሎ አለፈ። ወደ ዋሻው ገባ። በተራራው መሀል ስንጥቁ ላይ ሲደርስ በጀሶው ክፍተት የብርሃኑ ክር ታየች፣ ጠፋች። ከዚያ በወዲያኛው አፍ ወጣ። ማንም ያላጨበጨበው በዚህ ጊዜ ነው፤ እጃቸው ጠረጴዛውን እንደያዘ ነበር።

«ዘግይተሃል» አሉት ቲቸር፣ ባቡሩን። ፈገግታቸውን ግን አልደበቁም።

ሲመሽ መንቀል ጀመሩ። ቮልት ስፒናዎቹን እየነቀለ፣ ቀቢው ደግሞ የራሱን ግማሽ ተራራ ታቅፎ ወደ ዕቃ ክፍሉ እየሄደ ነበር።

«የሚመጣው ቅዳሜ እኔ የለሁም» አለ ቀቢው። «ለጉልበቴ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ።»

ቮልት ቀና አለ። «በየትኛው ቀን?»

«ቅዳሜ አልኩህ እኮ።»

«ምን ማለትህ ነው? ያን የገረጣ አረንጓዴህን ማን ይለይልኛል? እኔ ቀለም አላውቅም! ቲቸር፣ ኧረ ንገሩት።»

«የሌላ ሰው ጉልበት ቅዳሜ ይታይ» አሉ ቲቸር።

ቀቢው ተራራውን ግድግዳው ጥግ አስደግፎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ክሊኒኩ ገና አልተዘጋም ነበር። ቀጠሮውን ወደ ሰኞ አዛወረው።